ዳገት ላይ የማይቆመው ጎታች

ንፋስ መውጫ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የሆነ ነገር ነው። አከራዬ ትልቅ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ደብረ ታቦር እንዳለና እስከ ነገ ድረስ እዚያው እንደሚቆይ አንድ ነጋዴ ነገራቸው። ከዚያ ግንባር ይወሰዳል። "ሳይሄድ ዓይኑን ልየው" አሉ። አውቶቡስ ተሳፍረው ስለማያውቁ አብሬያቸው ሄድኩ።

የጉናን ቁልቁለት እንደጀመርን ከወለሉ ሥር ብረት በብረት ሲፈጭ ተሰማ። ሹፌሩ ሥሩ ገብቶ ወጣና "ካምቢዮው አለቀለት፤ ማርሽ አይገባም" አለ። ጎታች መኪና እንዲላክልን በአንድ የጭነት መኪና ወደ ደብረ ታቦር መልእክት ሰደደ። ወርደን ብርዱ ላይ ተኮራምተን ጠበቅን። እትዬ ለልጃቸው የያዙትን ጋቢ አቅፈው ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም።

ከሰዓት በኋላ ከታች የሞተር ጩኸት መጣ። ጎታቹ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ሁሉም ሳቀ።

"ግማሹን ጅብ በላው እንዴ?" አለ አንድ ገበሬ።

እውነትም ግማሽ አውቶቡስ ነበር። ነገሩን ላስረዳ። ያን ጊዜ ለመጎተት ተብሎ የተሠራ መኪና እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ያረጀ የከተማ አውቶቡስ ወገቡ ላይ ይቆረጣል። የፊቱ ከነሹፌሩ ወንበር ይቀራል፤ ከኋላ ባዶው ሻንሲ ላይ የብረት ማንሻ ይተከላል። ማንሻው ሲከብደው የፊት ጎማው ከመሬት እንዳይነሳ ውስጡ የአሸዋ ጆንያ ይደረደራል። አዲስ አበባ ስማር ቆሜ የተጋፋሁበት ዓይነት አውቶቡስ ነው። "ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው" የሚለው ጽሑፍ እንኳ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጠፋም።

ሳቁ ወዲያው ተቋረጠ። ጎታቹ ባዶውን አልነበረም። ከኋላው የተበላሸ ሌላ አውቶቡስ ይጎትታል፤ መስኮቱ ሁሉ የተላጨ የምልምል ራስ ነው። ደነገጥኩ። ሰው የጫነ አውቶቡስ በዳገት አይጎተትም፤ ማያያዣው ቢበጠስ ወደ ገደል ነው። አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለ ከአንዱ መስኮት፦

"እማዬ!"

እትዬ መጀመሪያ ወደ ሰማይ ነው ያዩት። ከዚያ ጋቢውን ጥለው ሮጡ።

"አቁምልኝ! ልጄ ነው!" ብለው የጎታቹን በር ደበደቡ።

"እናቴ፣ እዚህ ካቆምኩ አልነሳም! ወደ ኋላ ይዞኝ ይወርዳል!" ሹፌሩ መሪውን አንቆ ጮኸ።

"እንግዲያስ ቀስ በል!"

"ከዚህ በላይ ቀስ ማለት እኮ መቆም ነው!"

ልክ ነበር። በአንደኛ ማርሽ የሚሄደው በሰው እርምጃ ነው። እትዬ ይህን ሲያዩ በሩን ትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የልጃቸውን እጅ ይዘው ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። እኔ ጋቢውን አንስቼ ተከተልኩ።

"ነገ ነው አላሉም? በልተሃል?"

"ዛሬ ተነሱ አሉን። በልቻለሁ። እማዬ፣ እንቅፋት እንዳይመታሽ።"

"አንተ ነህ ስለ እግሬ የምታስብ? ራስህን ማን ላጨህ? እንዲህ አቆሳስሎ!"

ልጁ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ጋቢውን በመስኮቱ አቀበልኩት። አብሯቸው የተሳፈረው ጠባቂ ወታደር አየንና ወደ ማዶ ዞረ።

ዳገቱ አለቀ። ማርሽ የሚቀየረው እዚህ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ሹፌሩ ግን አልቀየረም። ሜዳው ላይ ሞተሩ በአንደኛ እየጮኸ፣ እንደ ዳገቱ እየተንፏቀቀ ሄደ። በመጨረሻ ጠባቂው "ሹፌር፣ ምን ነካህ? ንዳው እንጂ!" ብሎ ጮኸበት። ማርሹ ገባ። እትዬ ጥቂት ሮጡና እጃቸው ባዶውን ቀረ።

የተበላሸው አውቶቡሳችን ጋ ስንመለስ ሹፌራችን "አይዟችሁ፣ እነሱን አድርሶ ለእኛ ይመጣል" አለ። እትዬ አፍጥጠው አዩት።

"ወዴት ሊወስደኝ?" አሉት። "ደብረ ታቦር አሁን ማን አለኝ?"

መንገዱን ተሻግረን ወደ ንፋስ መውጫ የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመርን።