ላሟ ምን በልታ ነው?

ማሚቱ ዲላ ውስጥ በአዋላጅነት ፀጉሯ የሸበተ ነርስ ናት። አባቷ በገደብ ወረዳ ገጠሮች እየዞሩ ወንጌል የሚሰብኩ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም መጽሐፉን የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ኦሪት ዘፍጥረትን መናቅ የጀመረችውም ያኔ ነው። ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች የቀደሙት ቀናት በምን መሹ፣ በምንስ ነጉ ብላ ብትጠይቃቸው፣ "አንብቢ ተባልሽ እንጂ መርምሪ ተባልሽ?" አሏት። አነበበች። መመርመሩንም አልተወችም።

እያደገች ስትሄድ ከፀሐይዋ ይልቅ አዳም አንገሸገሻት። ለአራዊቱ ሁሉ ስም ሲያወጣ የዋለ ጎበዝ፣ ፍሬውን በላህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ በሚስቱ ላይ ይላከካል፤ ያውም እሷን የሰጠው ፈጣሪ ራሱ መሆኑን ጠቅሶ ሰጪውንም ይከሳል። ይህ ሰው የሁላችን አባት ነው ሲባል ታፍራለች። ሴት ከወንድ ጎን ወጣች የሚለውንማ፣ ማን ከማን እንደሚወጣ በየቀኑ ስለምታይ፣ የወንዶች ቅናት ነው ትለዋለች።

ባሏ ይርጉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ የሰፈሩ ምእመናን ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እነሱ ሳሎን ይሰበሰቡ ነበር። ማሚቱ ሻይ ትቀዳለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች፣ ለይርጉ ስትል ዝም ትላለች።

አንድ ክረምት ጥናቱ ሔዋን እባቡን የሰማችበት ምዕራፍ ላይ ደረሰ። የሚያስተምረው ሰብስቤ የሚባል፣ ቃል እየጎተተ የሚናገር ቡና ነጋዴ ነበር። ጥግ ላይ ኤልቤቴል ተቀምጣለች፤ በቅርቡ ከዲላ አጠገብ ካለችው ጪጩ በምጥ ተይዛ መጥታ ማሚቱ ያዋለደቻት፣ ልጇ ሞቶ የተወለደባት ወጣት ናት። ሰብስቤ የሴት ምጥ የሔዋን ዕዳ እንደሆነ፣ ሴት ሁሉ እስከ ዛሬ እንደምትከፍለው አብራራ። ኤልቤቴል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ማሚቱ ፔርሙዙን አስቀመጠች።

"ወንድም ሰብስቤ፣ ምጥ አይተው ያውቃሉ?"

አላየም። ሚስቱ ስትወልድ ደጅ ነበር የቆመው።

"እኔ አይቻለሁ። ላም ስታምጥም አይቻለሁ፤ ላሟ ምን ፍሬ በልታ ነው? ይህን የጻፈው ሰው እንደ እርስዎ ደጅ የቆመ ነው።"

ሰብስቤ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ትዕቢት መንፈስ ረጅም ጸሎት ጸለየ፤ እሷም ዓይኗን ሳትጨፍን እስኪጨርስ አየችው። እንግዶቹ ሲሄዱ ይርጉ "አዋረድሽኝ" አላት። የተዋረደችስ ያቺ ልጅ ናት አለችው።

ጥናቱ ወደ ሰብስቤ ቤት ተዛወረ። ይርጉ መጽሐፉን ለዝናቡ በፌስታል ጠቅልሎ በየሳምንቱ ይሄዳል። ኤልቤቴልም መሄዱን እንዳልተወች ማሚቱ ስትሰማ በገነች፤ ጤና ጣቢያ ስታገኛት ምን ልትሰሚ ነው የምትሄጂው አለቻት። ልጅቷ ስብከቱን እንደማትሰማ፣ ቤት ብቻዋን መቀመጥ ግን እንዳልሆነላት ነገረቻት። ማሚቱ ጓንቷን አውልቃ እጇን ያዘቻት።

ለሰብስቤ ያላት ንቀት ግን ቅንጣት አልቀነሰም። አንድ ሐሙስ ይርጉ በስብሶ ሲገባ፣

"ዛሬስ በማን ላይ ተላከከ?" አለችው።

"ኖኅ ላይ ደርሰናል።"

"ሰክሮ፣ ራቁቱን ተኝቶ፣ ሲነቃ የልጅ ልጁን የረገመው?"

ይርጉ ሳቁ መጣበት። እንዳታየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ያዘ።