ቀይ ቆዳ የለበሰው ደብተር

ደብተር ሠርቼ ለወዳጅ መስጠት እወዳለሁ። ወረቀቱን በመርፌ ሰፍቼ፣ ቀይ የፍየል ቆዳ አልብሼ፣ ዳር ዳሩን በጋለ ብረት አስጌጠዋለሁ። ባለፈው አንዱን ለክርስትና ልጄ ሠርግ ይዤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ተሳፈርኩ። ውጭው ጉም ብቻ ነው፤ መኪናው ደመና ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደብተሩን አዩና ጎንበስ ብለው ተሳለሙት።

"የኔታ፣ ልጄ ቡሬ ምጥ ላይ ናት። እስቲ ከዳዊቱ ድገሙላት።"

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ! ባዶ ነው ልል ስል እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነጩን ገጽ ገልጬ የማውቃትን አቡነ ዘበሰማያት ደጋገምኩ። ከኋላ ያሉትም "አሜን" እያሉ ተቀበሉኝ። ቆይቶማ ነጩ ወረቀት ላይ ፊደል የሚታየኝ መሰለኝ።

ቡሬ ልንገባ ስንል ስልካቸው ጮኸ። "ወንድ! በሰላም!" ብለው እልል አሉ።

"እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ ላብ አጥምቆኝ፣ "ዳዊት አይደለም፤ ባዶ ደብተር ነው።"

"ስሳለመውኮ አውቄያለሁ ልጄ፤ ዳዊት ሙጫ ሙጫ አይሸትም። አንተ ግን ጥሩ ደጋሚ ነህ። በል፣ የሕፃኑ ስም ይጻፍበታል" ብለው ደብተሬን በነጠላቸው ጠቅልለው ወረዱ።