ደጅ አያሳድርህ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን በየዓመቱ እዘላታለሁ። ለማታውቀኝ ለአንተ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ፣ በዚያ በክፉው ቀን፣ ደብረ ታቦር የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ከጋይንት በኩል የተራበው ሕዝብ ሲጎርፍ የቀበሌው አዳራሽ መጠለያ ሆነ። መዝገቡም ቁልፉም በእኔ እጅ ነበር። ከገበሬ ማኅበሩ መሸኛ ያመጣ ይገባል፤ ያላመጣ ይመለሳል።

አንድ የሐምሌ ቀን አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ፣ ምራታቸውንና ጡት ያልጣለች የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። መሸኛውን ከብብታቸው አወጡ። ዝናቡ ማኅተሙን አጥቦታል፤ ስማቸው ግን ይነበባል። እኔ አነበብኩት። አንብቤው ሳበቃ «ማኅተም የለውም» አልኩ።

ቦታ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። በዚያው ጠዋት አንድ ቤተሰብ ወደ ዘመዶቹ ሄዶ አንዱ ጥግ ባዶ ነበር። በማግስቱ ግን ከአውራጃ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሏል፤ እኔም ፈራሁ።

እምቢ ብዬ ብቻ ብመልሳቸው ኖሮ ይህን ያህል ባልተቃጠልኩ። ምራቲቱ ማልቀስ ጀመረች። እንባዋን ላለማየት ስል ዋሸሁ። ዋሽ ያለኝ የለም፤ ውሸቱ የራሴ ነው። «ሐሙሲት አዲስ መጠለያ ተከፍቷል፤ ያለ ወረቀት ይቀበላሉ። በአንበሳሜ በኩል ሂዱ» አልኳቸው። ሐሙሲት ምንም አልተከፈተም ነበር።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ መንገድ እንዳሳየኸን መንገድህን ያቅናልህ። አንተንም ልጆችህንም ደጅ አያሳድርህ!» አሉ።

እኔም «አሜን» አልኩ። እንዴት አፌ ታዘዘኝ?

ከሳምንት በኋላ አንድ የአንበሳሜ ጨርቅ ነጋዴ፣ አንድ የጋይንት ሽማግሌ ገበያው ዳር መሞታቸውን አወራልኝ። ሐሙሲት መጠለያ የለም ቢሏቸው አላመኑም አሉ። «የቀበሌው ልጅ እንዴት ይዋሸኛል? መርቄው ነው የመጣሁ» ብለው ነበር። ስለ ሴትዮዋና ስለ ሕፃኗ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ያ ጥግ እስከ መስከረም ባዶውን ከረመ።

ምርቃታቸው ግን ያዘልኝ። ደርግ ሲወድቅ ስንቱ የቀበሌ ሰው ታሰረ፣ ተሰደደ፤ እኔን የነካኝ የለም። ቤት ሠራሁ፤ አምስት ልጆች ወለድኩ፤ አንዳቸውም ደጅ አላደሩም። ጎረቤቶቼ «የተመረቀ ቤት» ይሉታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንቅልፍ የለኝም። ረግመውኝ ቢሆን ኖሮ እርግማኑን ቄስ ይፈታልኝ ነበር። ምርቃትን ማን ይፈታል?

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የሚችሉት አያ ይመር ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ እንደበደልኳቸው እንኳ ሳያውቁ ሞቱ።