የአባ ጂሎ «ከባድ» ጉንፋን

ይሄን ለእናቴም አልነገርኳትም። ለእናንተ ልናገርና ይውጣልኝ።

ተመርቄ ነገሌ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን ነው። በሽተኛ አይቼ ስጨርስ ካርዱ ላይ «ቀላል»፣ «መካከለኛ» ወይ «ከባድ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ቀላል እንደ ጉንፋን ያለው ነው። ከባድ ደግሞ ብዙ ምርመራ የሚፈልግ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ።

አባ ጂሎ ከሊበን በእግራቸው መጡ። ጉንፋን ነው የያዛቸው። ግን እዚህ አገር በሽታ የሚነገረው ሰላምታ ሲያልቅ ነው፤ ሰላምታው ደግሞ አያልቅም።

«ናጋ? ሰላም ነሽ? አባትሽ ናጋ? እናትሽ ናጋ? ከብታችሁስ?»

«እኛ የአዋሳ ልጆች ነን አባ፣ ከብት የለንም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

አዘኑልኝ። አዝነው ሰላምታውን እንደገና ከአባቴ ጀመሩ። ውጪ ሰልፈኛው ይንጫጫል፣ እኔ ውስጤ ይነዳል። በመጨረሻ አስፕሪን ሰጠኋቸውና ካርዱ ላይ «ከባድ» ብዬ ጻፍኩ። ለምን? ጊዜዬን በሉብኛ። ማንም እጄን አልጠመዘዘም። እኔ ነኝ፣ አውቄ ነው የጻፍኩት።

ገንዘብ ተቀባዩ «ከባድ ነው የተባለው፣ አባ» ሲላቸው ሳይከራከሩ ከፍለው ሄዱ።

በሳምንቱ ልጃቸው ጡዬ መጣች።

«አባዬ ሊሞት ነው። አንቺ ከባድ ብለሽ የለ? ነገ ወንድሞቼ ሲሰበሰቡ ከብቱን ያከፋፍላል።»

የተሰጠ ከብት ደግሞ አይመለስም። ሰውዬው በጉንፋን ባዶ በረት ሊታቀፉ ነው፣ በእኔ ጽሑፍ።

ጨው የጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መንደራቸው ደረስኩ። ተከናንበው ተኝተዋል፤ ጉንፋኑ እንኳ ለቋቸዋል። እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ያኔ ነበር። «ተናድጄ ነው የጻፍኩት አባ» ማለት ምን ያቅታል? እኔ ግን ምን አደረግኩ? ማዳመጫዬን አውጥቼ ደረታቸውን፣ ጀርባቸውን፣ ምን ልበላችሁ፣ ጉልበታቸውን ሳይቀር አዳመጥኩ። ከዚያ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ወደ ቀላል ወርዷል» አልኩ።

ተነሱ። ከብቱ አልተከፋፈለም። አንዲት ጊደር ግን ተሰጠች፤ ለእኔ። «ያዳነችኝ ልጅ አንድም ከብት የላትም» አሉ። እምቢ ልል ስል ጡዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ተቀበልኩ። መረቁኝ። በውሸት አሳምሜ፣ በውሸት አድኜ፣ ጭራሽ አሜን አልኩ።

ያስከፈልኳቸውን እንኳ አልመለስኩም፤ ብመልስ ለምን እንደሆነ ልናገር ነዋ። ጊደሯ እሳቸው በረት ሆና ወልዳለች። ጡዬ ገበያ ስትመጣ ወተት ታመጣልኛለች። እጠጣለሁ፤ ይጣፍጣል፣ እሱንም አልክድም። ልጅ ነበርኩ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም። ይቅርታ የምጠይቀውም እናንተን አይደለም፣ እሳቸውን ነው። ፊታቸው ስቆም ግን አፌ ይያዛል።

ባለፈው ቅዳሜ መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ከአባቴ ጀመሩ፣ እናቴን አስከተሉ፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፦

«ከብትሽስ ናጋ?»

«ናጋ፣ አባ» አልኩ።