የረጋው ደም ወጣ፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ ታጠቅሁ። ደብረ ብርሃን ያደግሁ የብርድ ልጅ ነኝና ምንም አይበግረኝም ባይ ነበርኩ። አዲስ አበባ በተቀጠርኩበት ሆስፒታል ድርሻዬ ለሐኪሙ ሽቦና ቱቦ ማቀበል ነበር። የአንጎሉ ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ስትሮክ በመታው ሰው ላይ ቱቦው በብሽሽት ገብቶ በደም ሥር ውስጥ እስከ አንጎል ይዘልቃል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጥልፍልፍ ሽቦ የረጋውን ደም ይዛ ትመለሳለች።

የዚያን ዕለት የአንድ በሽተኛ የተዘጋ ሥር ተከፍቶ ደሙ በስክሪኑ ላይ ሲፈስ አይቼ አጨበጨብኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሲስተር፣ የከፈትነው ሥሩን ነው። ሰውየው ነገ ሲናገር አጨብጭቢ» አለኝ። ተናደድኩ። እውነቱን መሆኑን ለመቀበል ግን ብዙ አልቆየሁም።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሚከሽፍበትን መንገድ ሁሉ አየሁ። የሽማግሌ ሥር እንደ ጣርማ በር መንገድ ይጠማዘዝና ሽቦ አላሳልፍ ይላል። ደሙ ጠጥሮ ለጥልፍልፏ አልያዝ ይላል። አንዳንዴ ተሰባብሮ ሽቦ ወደማይደርስባቸው ቀጫጭን ሥሮች ይሄዳል። ሥሩ ራሱ ቀድሞ የጠበበ ከሆነ ደግሞ የከፈትነው ተመልሶ ሲዘጋ ቆመን እናያለን። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ሁሉም ነገር ሰምሮ በሽተኛው እንደነበረ ሲቀር ነው፤ ደም ያጣ አንጎል በየደቂቃው ይሞታልና ሥሩ የተከፈተው ከረፈደ በኋላ ይሆናል።

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ድንገተኛ ክፍል ስሠራ አንድ የድጓ መምህር ከአንኮበር መጡ። ቀኝ ጎናቸው ዝሏል፤ አፋቸው ተጣሟል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለና ዲያቆን ልጃቸው ደግፈዋቸዋል።

«መቼ ጀመራቸው?» አልኩ።

«ዛሬ ረፋድ ላይ ነው ያገኘኋቸው፣ ሲስተር» አለ ልጁ።

«ያገኘሃቸውን ሰዓት አይደለም። ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው?»

ልጁ እናቱን አየ። «ሱባኤ ላይ ናቸው። ከሰው አይነጋገሩም።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ትናንት ከሰርክ ጸሎት በእግራቸው ተመልሰው በራቸውን ዘጉ። ማለዳ ውሃ ደጃፋቸው ላይ ሳኖር ድምፅ የለም። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ፣ እንዳላውካቸው ቀስ ብዬ ተመለስኩ።»

ሲቲ ስካን ተነሡ። ምስሉን አዲስ አበባ ላለው ለዚያው ሐኪም ላክሁለት። «ብዙው የአንጎል ክፍል ተጎድቷል፤ ጥቂት የሚድን አለ። ይምጡ» አለኝ። አብሬያቸው ሄድኩ። አምቡላንሱ ጫጫን ሲያልፍ ልጁ፣ «ደሙ ከወጣላቸው ያዜማሉ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ማውጣቱን እንችልበታለን። የሞተውን የአንጎል ክፍል ግን ማንም አያስነሳውም» አልኩት። ኋላ ከሚደነግጥ ያኔውኑ ቢያውቀው ይሻላል ብዬ ነው።

ሐኪሙ የረጋውን ደም በመጀመሪያው ሙከራ አወጣው። ከዚያ ያማረ ሥራ አይቼ አላውቅም። የመምህሩ እግር ውሎ አድሮ ተመለሰ። ድምፃቸው ግን ቀረ። ዛሬ ተማሪዎቻቸው ዜማ ሲስቱ በግራ እጃቸው ምልክት እየሰጡ ያርሟቸዋል።

ለክትትል የመጡ ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ያን ማለዳ ባንኳኳ ኖሮ ይናገሩ ነበር?»

መዋሸት አማረኝ። «ቀድመን ደርሰንላቸው ቢሆን ዕድላቸው ይሰፋ ነበር። ይናገሩ ነበር ብዬ ግን አልምልም» አልኳቸው። እሳቸው አለቀሱ፤ እኔም አላስቻለኝም።

እንባቸውን ጠርገው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። የደብሩን አለቃ አስፈቅደው አዲስ ሥርዓት አስጀመሩ። በደብራቸው ሱባኤ የገባ ሁሉ አሁን ጠዋትና ማታ በሩ ይንኳኳል፤ እሱም ከውስጥ መልሶ ያንኳኳል። ቃል አይወጣውም፤ ደህና መሆኑ ግን ይታወቃል።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው፣ በሽተኛው የተገኘበትን ሳይሆን ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጠይቁ ነው። ለቤተሰብ ደግሞ ይህን እላለሁ፤ ሱባኤ ላይ ያለን ሰው በር ማንኳኳት ጸሎቱን አያፈርስበትም።