ኹምራው የማይሸተው ታጀሲር

ስታና የበለዘ ግራ ዓይኗን በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ሸፍና በሩን ብትከፍትም፣ ወንድሟ ባቢከር ገና ደጅ ቆሞ አየው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በሩ መታኝ።»

«አትባራ ከተማ ውስጥ ጣት ያለው በር እናንተ ጋ ብቻ ነው ያለው። በይ ተነሺ፣ ልብስሽን ሰብስቢ፤ እኔ ቤት ትኖሪያለሽ።»

ስታና የቶቧን ጫፍ ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበችው። ባሏ ታጀሲር ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ድመት ሲያባርር እንኳ ድምፁን የማያሰማ ሰው ነው። ከዓመት ተኩል ወዲህ ግን ሊነጋጋ ሲል፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ይጮኻል፣ ይራገጣል፣ ይማታል። ሲቀሰቅሱት ወዲያው ይነቃና ያየውን አንድ በአንድ ይናገራል፤ ወይ ውሾች ከበውት ነበር፣ ወይ ሽፍቶች ባቡሩ ላይ ወጥተው ነበር። ከዚያ የሚስቱን ፊት አይቶ አንገቱን እንደደፋ ይውላል።

ይህን ትችለው ነበር። ለወንድሟ የማትነግረው ሌላ ነገር ነው። ከሠርጓ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከሰንደል እንጨትና ከምስክ ራሷ የምታዘጋጀውን ሽቶ፣ ኹምራን፣ ትቀባለች። ያገባች ሴት ኹምራ የምትቀባው ለባሏ ነው። ታጀሲርም ሁልጊዜ «ዛሬስ ጎረቤቱ ሁሉ ሊቀናብኝ ነው» ይላት ነበር። ይህን ማለት ከተወ ሦስት ዓመት ሆነው። ሰንደሉን ብትጨምርም ዝም አለ። ከዚያ ቡጢው መጣ። ሁለቱን ስታገጣጥም አንድ ነገር ብቻ ታያት፤ ጠልቶኛል፣ ቀን የሚደብቀውን በእንቅልፉ ያወጣዋል።

«የሚማታው በእንቅልፉ ነው፤ መጀመሪያ ካርቱም ሐኪም ይየው» አለችው ባቢከርን። «ጠልቶኝ ከሆነ እመጣለሁ።»

ካርቱም ውስጥ ጭንቅላቱ፣ አገጩና እግሩ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት አንድ ሌሊት ተኛ። ጠዋት ዶክተር ኢክላስ ሁለቱንም ጠርታ ስክሪኑን አዞረችላቸው።

«ሰው ሕልም ሲያይ ሰውነቱ ይዝላል። በሕልማችን እየሮጥን አልጋችን ላይ የምንቀረው ለዚህ ነው። ይቺ የአገጭዎ ጡንቻ መስመር ናት፣ አባቴ። ሕልም ላይ ሲደርሱ እንደ ቆመ ውኃ ጸጥ ማለት ነበረባት፤ ግን ትዘላለች። እግርዎም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ አይደለም፤ ትንፋሽዎም አልተቋረጠም። ልጓሙ ነው የላላው።»

«ፍሬኑ በይኝ፣ ልጄ። ልጓም የፈረሰኛ ነው።»

«እሺ፣ ፍሬኑ። ሌሊት ማን መጥቶብዎት ነበር?»

«ሽፍቶች። እሷን ሊወስዱ።»

«እኔን?» አለች ስታና። «በስድሳ ዓመቴ?»

«ምርጫቸውን ምን አውቅላቸዋለሁ!»

ዶክተሯ ሳቀች። ከዚያ «ሽታስ ይለያሉ?» ስትል ጠየቀችው።

ታጀሲር ሚስቱን አየት አደረገ። «ምንም። ወጥ ቢያርም አላውቅ። ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ስታና።

«ኹምራሽን... ትቀየሚኛለሽ ብዬ።»

ስታና ከላይዋ ድንጋይ የተነሣላት ያህል ቀለላት። በሰው ፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ እጁን ያዘችው። ቀና ስትል ግን ዶክተሯ መሳቋን ትታለች።

«ይህ ሕልምና የሽታ መጥፋት አብረው ሲመጡ ጥሩ ምልክት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ብዙዎቹ ላይ ከዓመታት በኋላ እጅ መንቀጥቀጥ፣ መራመድ ማቃት፣ አንዳንዴም መርሳት ይመጣል። መቼ እንደሚመጣ ግን ልነግራችሁ አልችልም።»

«የሚያስቀረው መድኃኒትስ?» አለች ስታና።

«መራገጡን የሚያስታግስ አለ፣ እሰጣችኋለሁ። የሚመጣውን የሚያስቀር ግን የለም።»

ሐሙስ ዕለት ባቢከር ተመልሶ መጣ። «እና፣ ጠልቶሽ ነው?»

«አልጠላኝም» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ዓይኗን በቶቧ ጫፍ ጠርጋ ሻይ ልትጥድለት ገባች።

አመሻሹ ላይ፣ ዶክተሯ እንዳዘዘችው፣ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የገመድ አልጋዎች አራርቃ አነጠፈች፤ ራስጌው የነበረውን የውኃ ማሰሮ ወደ ግድግዳው ወሰደች። ታጀሲር ታጥቦ፣ ፎጣውን እንደያዘ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ዛሬስ ጎረቤቱ ሁሉ ሊቀናብኝ ነው» አላት።

የኹምራው ብልቃጥ ከካርቱም ከተመለሱ ወዲህ አልተከፈተም።

«ይቅኑ» አለችው። ዓይኗ ግን ፎጣውን በያዘው እጁ ላይ ነበር።