ቀኝ ዓይኔና የተወጠረው ሲባጎ

መጀመሪያ የጎበጠብኝ ሲባጎ ነው። ሐይቅ ከተማ የአንድ ነጋዴ ቤት እየገነባን ነበር። ከማዕዘን ማዕዘን የተወጠረውን ክር በልማዴ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ ሳየው፣ መሐሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። «ማነው ይቺን የወጠራት?» ብዬ ጮህሁ። አብሮኝ የሚገነባው ጌታቸው ክሩን በጣቱ ነካ አደረገና «ሰይዴ፣ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል እኮ» አለኝ። እኔ ደግሞ በሥራዬ ሰው ሲመክረኝ አልወድም። የተደረደረውን ብሎኬት በሙሉ አስፈረስሁት።

እንደገና ደረደርን፤ እንደገና ጎበጠ። ጌታቸው ውሃ ልኩን አስቀመጠበትና «እንግዲህ ወይ ውሃው ዋሽቷል፣ ወይ አንተ» አለ። ያኔ ቀኙን ጨፍኜ በግራው አየሁ። ክሩ ቀጥ አለ። ግንበኛ ያለ ዓይን ምንድን ነው? ድንጋይ አቀባይ ነው።

ባለቤቴ ዘሀራ ነገሩን ስትሰማ፣ እኔ መጀመሪያ ሼሁ ዘንድ ዱዓ ላስደርግ ብል «ዱዓ መኪና ውስጥም ይደረጋል፤ ተነሥ!» አለችኝ። ደሴ ሆስፒታል ሄድን። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

እዚያ ኦሲቲ በሚባል መሣሪያ ዓይኔን ፎቶ አነሡት። ሐኪሟ ምስሉን እያሳየች እንዲህ አለችኝ፦ «ሬቲና ከሚባለው፣ ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ሥር ኮሮይድ የሚባል ደም ሥር የሞላበት ሽፋን አለ። ከዚያ የማይፈለጉ ደም ሥሮች በቅለው ማኩላ የሚባለው የሬቲናው መሐል ሥር ገብተዋል። ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ክሩ የጎበጠብዎት ሬቲናው ከሥሩ ስላበጠ ነው።»

«ዓይኔ ይጠፋል?» አልኋት።

«ዝም ካልነው መሐሉ ጠባሳ ይሆናል። መድኃኒቱ ግን ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣል።»

መርፌ። ዓይን ውስጥ። ያ ረቢ!

አጋደሙኝ። ማደንዘዣ ጠብ አደረጉበት። የዓይኔን ቆብ በብረት ከፈቱት። «አይንቀሳቀሱ» አለች። አልተንቀሳቀስሁም። ጫን አለኝ። ጥቁር ነጠብጣብ ተንሳፈፈ። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ቶሎ አወቁት? ብዙ ሰው ጤነኛው ዓይን ስለሚሸፍንለት የሚመጣው ከረፈደ ነው» ያለችኝ። እኛ ግንበኞች ክር የምናየው በአንድ ዓይን መሆኑን ነገርኋት። «እንግዲያው ሙያዎ ነው ያተረፈዎት» አለች። ወላሂ፣ ከዚያ ክፍል ስወጣ ደረቴ ቀድሞኝ ወጣ!

መርፌው አንዴ ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሟ በቀጠረችኝ ጊዜ ሁሉ ክረምት ሆነ በጋ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ አቧራ፣ አንዳንዱ ጎረቤት «ድነሃል፣ ምን ያመላልስሃል?» እያለኝም ጭምር ዘሀራን አስከትዬ ስመላለስ፣ ጉብጠቱ ቀስ በቀስ እየቀለለ ሄዶ መጨረሻ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ብቻ ቀረችኝ፤ እሷም አልሄደችም፣ ተላምደናል። ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ አምባሰል ውስጥ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአንድ ቤት ማዕዘን በራሴ እጅ አቆምሁ። ግንቡ ቀጥ ማለቱን የምንለካበትን ቱምቢ ማንም አልያዘልኝም። ጌታቸው ዙሪያውን ዞሮ አየና «አብሽር ሰይዴ፣ ገና ትገነባለህ» ሲለኝ አለቀስሁ። ምን ያሳፍራል፣ የደስታ ነው።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ አንድ ዓይናችሁን ሸፍኑና የበሩን መቃን እዩ፤ ከዚያ ሌላውን ሸፍኑ። መቃኑ ከጎበጠባችሁ አናጺውን አትውቀሱ፤ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መርፌው ከፍርሃቱ ይቀላል። ሐኪሟን፣ ዘሀራንና ያንን ምላሰኛ ጌታቸውን አላህ ይጠብቅልኝ። እኔ ሰይድ ዛሬም ማዕዘን የምይዘው ራሴ ነኝ።